የመምህራን ማኅበር ዕጩ ልደግፍ ሲል፦ ከሰውየው በፊት ወንበሩን ማየት

አንድ የመምህራን ማኅበር በምርጫ ዕጩ ልደግፍ ብሎ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማንን?» የሚለው ነው። ስብሰባው በቅጡ ሳይጀመር ስም ይጠራል። «እገሌ የኛው ልጅ ነው፤ ድሮ ጠመኔ ይዞ አስተምሯል» ይላል አንዱ። ሌላው ሌላ ስም ያነሳል። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ሁሉ ስለ ሰው ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ይረሳል።

ይህን የምጽፈው የባሕር ዳርንና የጣና ዙሪያን መምህራን እያሰብኩ ነው። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ያዙልኝ። ዕጩው የሚወዳደርበት ወንበር እናንተ የምትፈልጉትን ነገር የመወሰን ሥልጣን ከሌለው፣ ዕጩው መልአክም ቢሆን ድጋፋችሁ የትም አይደርስም። ስለዚህ ስም የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው።

1. መደገፍ ይፈቀድላችሁ እንደሆነ አረጋግጡ

የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ፈልጉና አንብቡ። ምናልባት መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቁልፉም የቀድሞው ጸሐፊ ጋር ይሆናል። ደንቡ «ማኅበሩ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ነፃ ነው» የሚል ከሆነ፣ ለአንድ ፓርቲ ዕጩ የድጋፍ መግለጫ ማውጣት በገዛ እጅ ክስ መጥራት ነው። እንዲያ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፤ ከታች የምነግራችሁ ሌላ መንገድ አለ።

ከደንቡ ቀጥሎ ሕጉ ይታያል። የምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ደግሞ 1113/2011 ነው። ሁለቱንም ይዛችሁ ከአንድ የሕግ ባለሙያ ጋር ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ከውጭ አገር የምንሰማውን እንዳለ መቅዳት አይሆንም። የአሜሪካ መምህራን ማኅበራት ስለ ደመወዝ የሚደራደሩ የሠራተኛ ማኅበራት ናቸው። የኛው የሙያ ማኅበር ነው፤ የመንግሥት መምህርም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይተዳደርም።

ሕገ መንግሥቱንም ግለጡ። አንቀጽ 38 ማንኛውም ዜጋ የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። በሙያ ማኅበራት ውስጥ የሚደረግ ምርጫም ነፃና ዴሞክራሲያዊ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ መምህሩ እንደ ዜጋ ይመርጣል፣ ይመረጣል፣ ይደግፋል፤ ክፍል ሲገባ ግን አቋሙን በር ላይ ትቶት ይገባል። ዩኔስኮና የዓለም ሥራ ድርጅት በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ መምህራን ያወጡት የጋራ ሰነድም መምህሩ የማንኛውም ዜጋ መብት ሊነፈገው እንደማይገባ ይናገራል።

በነገራችን ላይ መምህራን በአገራችን ፖለቲካ ውስጥ እንግዳ አይደሉም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ከታክሲ ነጂዎች ጋር ሥራ ያቆሙት መምህራን ነበሩ። የተቃወሙት «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ነው። ዕቅዱም ተግባራዊ ሳይሆን ቀረ። ልብ በሉ፣ ያኔ መምህራኑ የያዙት አንድ የተለየ ጥያቄ ነበር። በኋላ በኢሕአዴግ ዘመን ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ በስምና በንብረት ዓመታት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ደግሞ የተጎዳው ማን እንደነበር ለመምህር መንገር አያስፈልግም።

2. የምትፈልጉትን በሦስት መስመር ጻፉ

ከሦስት አይብለጥ። ሃያ ጥያቄ የያዘ ማኅበር ዕጩው ከሃያው ቀላሉን መርጦ «ይኸው መለስኩላችሁ» እንዲል ዕድል ይሰጠዋል።

ሦስቱ የሚመጡት ግን ከሥራ አስፈጻሚው ቢሮ መሆን የለበትም። በየትምህርት ቤቱ ካሉት መሠረታዊ ማኅበራት ይሰብሰቡ። እዚህ አካባቢ የመምህሩ ኑሮ እንደየቦታው ይለያያል። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የሚያስተምረው የቤት ኪራይ ያንገበግበዋል። ደቅ ደሴት ላይ ያለው ደመወዙን ለመቀበልም ሆነ ለሕክምና ጀልባ መጠበቅ አለበት። ፎገራ ያለችው ሩዝ በሚሰበሰብበት ሰሞን ክፍሏ ይሳሳባታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በግጭቱ ምክንያት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የእነሱ መምህራን ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል የሚል ሰው ቢመጣ እኔ አልከራከረውም።

አጻጻፉ ላይ ጨከን በሉ። «የትምህርት ጥራት ይሻሻል» ጥያቄ አይደለም፤ ባነር ላይ የሚጻፍ ነገር ነው። «ደመወዝ በየወሩ በተወሰነው ቀን ይከፈል፤ ካልተከፈለ ምክንያቱ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ይድረስ» ጥያቄ ነው። ተፈጸመ ወይም አልተፈጸመም ማለት ይቻላል።

3. ጥያቄያችሁ የማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ ፈልጉ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ አትሰስቱ፤ ብዙ ማኅበር የሚዘለው ይህንን ነው።

ከላይ እንጀምር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው፤ ከእነዚህ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። ይህ ምክር ቤት የፌዴራል ሕግና የፌዴራል በጀት ያጸድቃል። አገር አቀፍ የትምህርት መስፈርት፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናና ዩኒቨርሲቲዎች በፌዴራል እጅ ናቸው። ስለዚህ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሚያስተምረው መምህር ጥያቄውን ይዞ የሚሄደው ወደዚህ ወንበር ዕጩ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚያ ውጤት ዕጩ መጠየቅ የፈለገ ማኅበርም የፓርላማውን ዕጩ ይጠይቅ።

ቀጥሎ የክልሉ ምክር ቤት ይመጣል። መቀመጫው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። የክልሉን በጀት ያጸድቃል፤ ለወረዳዎች የሚከፋፈለውም ገንዘብ ከዚያ ይወጣል። የክልሉ መንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት ሕግም የሚወጣው ከዚሁ ነው።

ከታች ወረዳው ወይም የከተማ አስተዳደሩ አለ። ሽምብጥ ወይም ዘጌ አንደኛ ደረጃ የምታስተምር መምህርት ደመወዟ የሚወጣው ከዚህ በጀት ነው። የደመወዝ እርከኑ ከላይ ይወጣል፤ ብሩ ከታች ይከፈላል። የቤት መሥሪያ ቦታ ጥያቄም በመጨረሻ የሚያርፈው የከተማ አስተዳደር ጠረጴዛ ላይ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአገር አቀፍ ምርጫ ቀን መራጩ የሚይዘው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት የሚሆን ወረቀት ነው። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ለብቻው ነው የሚካሄደው። በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ ደግሞ በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዝሟል። ማለትም ደመወዛችሁን የሚከፍለው ምክር ቤት ድምፅ በምትሰጡበት ወረቀት ላይ ላይኖር ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገቡ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ማን ይወስናል፣ በዚህ ምርጫ ከቀረቡት ወንበሮች ደግሞ ለዚያ ወሳኝ የሚቀርበው የቱ ነው። የደመወዝ መዘግየት የወረዳ ጉዳይ ቢሆንም፣ ለወረዳው የሚደርሰውን ገንዘብ የሚያጸድቀው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የክልል ምክር ቤት ዕጩን «ለወረዳዎች የሚሰጠው በጀት ሲቀርብ የመምህራን ደመወዝ መሸፈኑን እንዴት ታረጋግጣለህ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የፓርላማ ዕጩውን ስለዚሁ ጉዳይ ብትጠይቁት ግን ፈገግ ብሎ ቃል ይገባላችኋል። ቃሉ ምንም አያስከፍለውማ።

ይህን ስትጨርሱ አንዳንዴ የሚገርም ነገር ይወጣል። በጣም የምትወዱት ዕጩ ለማይጠቅማችሁ ወንበር ይወዳደራል። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ደግሞ በጀታችሁን ሊያጸድቅ ይችላል።

4. የኋላውን እዩ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ማጣራት ነውር አይደለም። ዕጩው ቀድሞ ምክር ቤት ከነበረ ድምፅ አሰጣጡ ብቻ ብዙ አይነግራችሁም። በምክር ቤቶቻችን ብዙው ነገር በሙሉ ድምፅ ወይም በሰፊ አብላጫ ያልፋል። ይልቅ ተነስቶ ምን ጠየቀ? የትምህርት ቢሮ ሪፖርት ሲቀርብ ዝም አለ ወይስ ተናገረ? ወደ መራጮቹ ሲመለስ ትምህርት ቤት ረግጧል?

አዲስ ዕጩ ከሆነ በሠራበት ቦታ ጠይቁ። ርዕሰ መምህር ከነበረ አብረውት የሠሩትን፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ ከነበረ ወላጆችን። መምህር የነበረ ሁሉ ለመምህር ይቆማል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ከክፍል የወጣ ዕለት ጠመኔውን ብቻ ሳይሆን እኛንም እርግፍ አድርጎ ይተወናል።

5. ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ላኩ

ለሁሉም ስል ለሁሉም ነው፦ ለገዢው ፓርቲ ዕጩ፣ ለተቃዋሚው፣ ለግል ዕጩው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ደብዳቤ፣ በአንድ የመልስ ቀነ ገደብ። አንዱን ቀድሞ ማነጋገር ወይም ለአንዱ በስልክ ማብራራት ሥራውን ያበላሸዋል።

ጥያቄው «አዎ» በሚል ብቻ የማይመለስ ይሁን። «መምህራንን ታከብራለህ?» ብሎ መጠየቅ ወረቀት ማባከን ነው። ለጣና ዙሪያ ቢሆን እኔ እንዲህ ያሉትን እመርጣለሁ፦

«ደሴት ላይ የተመደቡ መምህራን መጓጓዣ ከየትኛው በጀት ይሸፈን ትላለህ?»

«ትምህርት ቤቱ ለተዘጋበት መምህር የሚከፈለው ደመወዝና የአገልግሎት ዘመኑ እንዴት መያዝ አለበት?»

«የክልሉ በጀት ላይ ለትምህርት ተጨማሪ ገንዘብ ብታስጨምር ከምን ላይ ትቀንሳለህ?»

«ፓርቲህ በዚህ ጉዳይ ከማኅበራችን የተለየ አቋም ቢይዝ ምን ታደርጋለህ?»

ሦስተኛው ጥያቄ ፍሬውን ከገለባው የሚለይ ነው። ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ የማይናገር ቃል ኪዳን ሁሉ እዚያ ላይ ይንገዳገዳል። አራተኛው ደግሞ ቀጥተኛ መልስ ላያስገኝ ይችላል፤ ግን ሰውየው እንዴት እንደሚሸሽ ታያላችሁ። እሱም መረጃ ነው።

መልስ ያልላከ «አልመለሰም» ተብሎ ይመዝገብ። ምክንያት አትፈልጉለት።

6. ስሙን ሸፍናችሁ አርሙ

ይህን ከመምህር በላይ የሚያውቀው የለም። የብሔራዊ ፈተና ወረቀት የሚታረመው በተማሪው ስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ነው። የዕጩዎቹንም መልስ አንድ ሰው ስምና ፓርቲ አጥፍቶ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ይተይበው። ከተለያየ ትምህርት ቤት የመጡ አምስት ወይም ሰባት አራሚዎች ለየብቻቸው ነጥብ ይስጡ። የነጥብ መስጫው ቀድሞ ይዘጋጅ፦ መልሱ ግልጽ ነው ወይ፣ በወንበሩ ሥልጣን ውስጥ ነው ወይ፣ ገንዘቡን አሳይቷል ወይ።

ስሙ ሲገለጥ ክፍሉ ጸጥ ሊል ይችላል፤ ሁሉም ይደፍናል ብሎ የጠበቀው ሰው ሊወድቅ ይችላል። ነጥቡን ግን ስም ከተገለጠ በኋላ ማንም አይንካ። «እሱ እኮ እንዲህ ለማለት አስቦ ነው» የሚል አይጠፋም። ለተማሪ የማይሰጥ ነጥብ ለዕጩም አይሰጥም።

7. ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት

ጥሩ ነጥብ ያመጡትን ሁለት ሦስት ዕጩዎች ጋብዙ። ቦታው የትምህርት ቤት ክፍል አይሁን፤ ተማሪም አይኑር። ምሳ አትጋብዟቸው፤ ምሳም አትጋበዙ። ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ዓሣ ጥብስ አብሮ የበላ ኮሚቴ በማግስቱ ጠንካራ ጥያቄ ሲጠይቅ አላየሁም። የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

8. አባላቱ ይወስኑ

ኮሚቴው ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው ግን ጉባኤው ነው። ድምፁ የግድ ምስጢራዊ ይሁን። እጅ በማውጣት አታድርጉት። በኛ አካባቢ አንድ መምህር ማንን እንደደገፈ መታወቁ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያልጠየቀው ዝውውር ሊመጣበት ይችላል። ሰው የሚፈራበት ድምፅ ደግሞ የማኅበሩ ድምፅ አይሆንም።

ከግማሽ በላይ በቂ ነው? ለኔ አይደለም። ሁለት ሦስተኛ ይሁን እላለሁ። ከመቶ አባላት አርባ ዘጠኙ የተቃወሙትን ዕጩ «መምህራን ደግፈዋል» ብሎ ማወጅ ማኅበሩን ይሰነጥቀዋል። የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይም «ማንንም አንደግፍ» የሚል ምርጫ ይኑር። ካሸነፈ አሸነፈ።

ጊዜውም ይመዘን። በአሜሪካ ከሁለቱ ትልልቅ የመምህራን ማኅበራት አንዱ በሐምሌ ወር 2015 እ.ኤ.አ. ሂላሪ ክሊንተንን ደገፈ። የፓርቲዎቹ የመጀመሪያ የውስጥ ምርጫ ገና በ2016 የካቲት አካባቢ ነበር። በርኒ ሳንደርስን የሚደግፉ አባላት «ማን ጠየቀን?» ብለው ተነሱ። ውሳኔው ትክክል ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው፤ አባሉ ሳይሰማ ቸኩሎ መወሰን ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሁሉም ዕጩ ተመዝግቦ፣ ጥያቄያችሁ ተመልሶ፣ ከዚያ ወስኑ።

ደንቡ ድጋፍ የሚከለክለው ማኅበር ደግሞ ይህንን ሁሉ ሠርቶ መጨረሻ ላይ ስም አይጥራ። የዕጩዎቹን መልስ ጎን ለጎን አድርጎ እንዳለ ያሳትም። እውነቱን ለመናገር፣ አሁን ባለንበት ሁኔታ ለብዙው ማኅበር ይህ የተሻለ መንገድ ይመስለኛል። በ2017 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ምርጫ የመምህራን ማኅበራት ያደረጉት ከዚህ ይቀራረባል። ወላጁ የልጁን ትምህርት ቤት ስም አስገብቶ ምን ያህል በጀት እንደሚቀነስበት የሚያይበት ድረ ገጽ ነበራቸው። ምርጫውን ለመራጩ ተዉለት።

9. ገንዘብና ክፍል

የአባልነት መዋጮ ከሁሉም ደመወዝ ይቆረጣል፤ ዕጩውን ከተቃወመውም ጭምር። ስለዚህ ከመዋጮው አንዲት ብር ለዕጩ አይውጣ። በአሜሪካ እንኳ ማኅበራቱ ለፌዴራል ዕጩ ገንዘብ የሚሰጡት አባላት በፈቃዳቸው ካዋጡት ከተለየ ቋት ነው። እኛ ዘንድ ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ ገንዘቡ ቢቀር ይሻላል።

ክፍል ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ድጋፉ ምንም አይነገር። የዕጩ ፎቶ ያለበት ቲሸርት ለብሶ ማስተማር ክልክል ነው በሉ፤ በጽሑፍም ያዙት።

10. የማኅበሩ መሪ ራሱ ዕጩ ከሆነ

መብቱ ነው። ነገር ግን ዕጩ በሆነ ቀን ከማኅበሩ ኃላፊነት ይልቀቅ ወይም ቢያንስ ከዚህ ሥራ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። የኬንያ ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር ዋና ጸሐፊ የነበሩት ዊልሰን ሶሲዮን በ2017 እ.ኤ.አ. የኦዲኤም ፓርቲ ተወካይ ሆነው ፓርላማ ገቡ፤ የማኅበሩንም ወንበር አልለቀቁም። ከመምህራን አስተዳደር ኮሚሽኑ ጋር የነበረው ጠብ እየከረረ ሄዶ በ2021 ከማኅበሩ ኃላፊነት ወረዱ። ለጠቡ ሌላም ምክንያት ነበረው። ግን መሪው ሲናገር የመምህሩ ድምፅ ይሁን የፓርቲው መለየት ካልተቻለ፣ ማኅበሩ ለሚከሰው ሰው መልስ የለውም።

11. መግለጫውና ከዚያ በኋላ

መግለጫው አጭር ይሁን። ማንን፣ ለየትኛው ወንበር፣ በየትኞቹ ሦስት ጥያቄዎች ምክንያት፣ በስንት ድምፅ። ፓርቲውን አታወድሱ። ሌላውን ዕጩ አትስደቡ፤ ቢያሸንፍ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ የምትሄዱት እሱው ጋር ነው። አባል የፈለገውን የመምረጥ መብቱ እንደተጠበቀ መሆኑንም ጻፉ።

ዕጩው ቃሉን በፊርማው ያስቀምጥ። የአሜሪካው ትልቁ የመምህራን ማኅበር በፕሬዚዳንት ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድጋፍ የሰጠው በ1976 እ.ኤ.አ. ለጂሚ ካርተር ነበር። ካርተር ራሱን የቻለ የትምህርት መሥሪያ ቤት ለማቋቋም ቃል ገብተው ነበር። ሕጉን የፈረሙት በ1979 ነው። ጥያቄው አንድና የታወቀ ስለነበር መፈጸሙም ታወቀ።

ለኛ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕጩው ካሸነፈ ከበጀቱ በፊት ማለትም በሚያዝያና በግንቦት አንድ ጊዜ፣ በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ቢሮው ድረስ የሚሄዱ ሁለት አባላት ዛሬውኑ ይሰየሙ። አንዱ ከከተማ፣ አንዱ ከደሴት ወይም ከገጠር ትምህርት ቤት ቢሆን ጥሩ ነው። ያገኙትን መልስ በአንድ ገጽ ጽፈው በየመምህራን ማረፊያ ክፍሉ ይለጥፉ። የተፈረመው የዕጩው ቃልም አጠገቡ ይለጠፍ።